ሲት ዱባንና የሾዋኩ መጋዘን

ገዳሪፍ ገበያ ገብታችሁ «ሰሀር ሙዘይን የት ናት?» ብትሉ የሚያውቅላችሁ የለም። «ሲት ዱባንስ?» ካላችሁ ግን ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮ ሥራዋን ትታ መንገዱን ታሳያችኋለች። የዝንቦች እመቤት ማለት ነው። ስሙን ያወጡላት የገበያ ሴቶች ናቸው፤ መጀመሪያ ሊያሾፉባት ነበር፣ ኋላ ለመዱት። እሷም አትቀየምም። «ሌላዋ የወርቅ እመቤት ተባለች፣ ሌላዋ የሽቶ፤ ለእኔ የዝንብ ደረሰኝ፣ ምን ይደረግ!» ትላለች። ዝንብ ሲባል ደግሞ ሥጋ ቤት የሚርመሰመሰው እንዳይመስላችሁ። የሷ ዝንብ የአሸዋ ዝንብ ናት፤ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ፣ ስትበር የማትሰማ፣ ስታርፍ ክንፏን ወደ ላይ የምታቆም፣ ነክሳ ካላዛር የምታስይዝ መናጢ።

ካላዛርን ሰሀር በመጽሐፍ አይደለም የተዋወቀችው። አባቷ ሙዘይን የጎንደር ሰው ነበር፤ በደርግ ጊዜ ድንበር ተሻግሮ ገዳሪፍ ላይ ከታላቅ ወንድሙ ከኸሊል ጋር ሰሊጥ ይነግድ ነበር። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ አካባቢ፣ ክረምቱ ሳይገባ መሬት ሊያስመነጥር ወደ ፋሽጋ ወረደና ከሠራተኞቹ ጋር ሜዳ ላይ እየተኛ ከረመ። ሲመለስ ደህና ነበር። ከዚያ ትኩሳት ጀመረው፤ ይለቀዋል፣ ይመለስበታል፤ ሰውነቱ እያለቀ ሆዱ ግን በግራ በኩል እየተነፋ ሄደ። ወባ ነው ተባለ። ዓይን በልቶት ነው ተባለ። ሐኪም ቤት የደረሰው ካበቃለት በኋላ ነው። ሰሀር ያኔ ትንሽ ልጅ ነበረች፤ «ምን ገደለው?» ብላ ያልጠየቀችው ሰው አልነበረም፣ አንድም ሰው ግን መልስ አልሰጣትም።

አጎቷ ኸሊል «የወንድሜ ልጅ ልጄ ናት» ብሎ እሷንና እናቷን ራሒማን ወደ ሆሹ፣ ወደ ሰፊው ግቢው አስገባቸው። ራሒማ በግቢው ጥግ አንድ ክፍል ተሰጣት፤ ሰሀር ከልጆቹ እኩል በላች፣ እኩል ለበሰች። «ሴት ልጅ ይኼን ሁሉ ተምራ ምን ልትሆን ነው?» የሚሉትን ዘመዶች አፋቸውን ያስያዘው እሱ ነው። ወድ መደኒ ዩኒቨርሲቲ ልትሄድ ስትነሣ ሻንጣዋን ተሸክሞ አውቶቡስ ላይ የጫነላትም እሱ ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ እንዳትረሱት ብዬ ነው። እሷም አልረሳችውም፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ ቀን መምህሩ ማይክሮስኮፕ ሥር አንዲት የደረቀች ነገር አስቀምጦ «ካላዛርን ከአንዱ ወደ አንዱ የምታመላልሰው ይህች ናት» አለ። ሰሀር ጎንበስ ብላ አየች። ቀና አለች። እንደገና ጎንበስ አለች። «ይቺ?!» ብላ በአማርኛ ጮኸች። ክፍሉ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ አልነበረምና ሁሉም ዞሮ አፈጠጠባት። «ይቺ ናት?!» አባቷ በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነበር፤ የሰሊጥ ጆንያ ብቻውን አንሥቶ ትከሻው ላይ ይጥል ነበር። ያን የመሰለ ሰው እፍ ቢሏት የምትጠፋ ነገር ጣለችው! ክው ብላ ቀረች። ከድንጋጤዋ ስትመለስ ደግሞ ተናደደች፣ ያ ንዴትም የዕድሜ ልክ ሥራ ሆናት።

ተመርቃ ገዳሪፍ ተመለሰችና በአንድ የካላዛር መከላከያ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጠረች። ሥራው ለሚያይ ሰው የእብድ ሥራ ይመስላል። ነጭ ወረቀት በሰሊጥ ዘይት ትነክራለች፤ በበጋ በተሰነጣጠቀው ዋልካ መሬት አፍ፣ በጎጆው ግድግዳ፣ በሽንት ቤቱ ቀዳዳ አመሻሽ ላይ ትሰካዋለች፤ ጧት ፀሐይ ሳይበረታ ትሰበስበዋለች። ዝንቧ ዘይቱ ላይ ተጣብቃ ታድራለች። ሌላ አገር በጉሎ ዘይት ነው አሉ የሚሠሩት፤ ገዳሪፍ ላይ ግን ሰሊጥ እያለ ጉሎ ማን ይፈልጋል? ዘይቱ የሚመጣው ከራሱ ከኸሊል መጭመቂያ ነበር፤ ግመል እየዞረ የሚጨምቀው፣ ወፍራም፣ ሽታው አላፊውን የሚያስቆም። «ያ ቢንቲ» ይላታል፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ ጀሪካኑን እየሞላላት፣ «እኛ ለሰው የምንሸጠውን አንቺ ለዝንብ ትቀቢያለሽ። ዝንቦችሽ ከእኛ የተሻለ ይበላሉ!» ሁለቱም ይስቃሉ።

ዋናው ጥበብ ከተያዘች በኋላ ነው። ሆዷ የጠቆረ ዝንብ ከተገኘች ሌሊቱን ደም ጠጥታለች ማለት ነው። የማን ደም እንደሆነ፣ የላም ይሁን፣ የአህያ፣ የውሻ ወይም የሰው፣ ሰሀር ላብራቶሪዋ ውስጥ መርምራ ትለየዋለች። ደም የጠገበች ዝንብ ደግሞ ሩቅ አትሄድም፤ ሆዷ ይከብዳትና ቅርብ ያለ ግድግዳ ፈልጋ ትሸሸጋለች። ስለዚህ ሰሀር አንድ ግድግዳ ላይ ያሉትን ዝንቦች አይታ እዚያ አጠገብ ማን እንደሚያድር ትናገር ነበር። አንዴ አንድ ገበሬ «አህያ የለኝም» ብሎ አህያውን ጎረቤት ግቢ ደብቆ ኖሮ በዝንቦቹ ደም ተያዘባት፤ ሰፈሩ በሳቅ ሞተ።

ሰው የሚያድርበትን ቤት ሰው ከማያድርበት ጋር ማወዳደር ስላለባት ባዶ ቤት ትፈልግ ነበር። ኸሊል ከሾዋክ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው ገባ ያለ አሮጌ የጡብ መጋዘን ነበረው። ሰሊጡ ከተሸጠ በኋላ ባዶውን ይከርማል፤ ቱርካ የሚባል ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ በር ላይ ዛፍ ሥር ይውላል። «አይጥ እንኳ ትቶት ሄዷል፤ እንዳሻሽ» ብሎ ፈቀደላት። በዚያ ዓመት ከኋላው ግድግዳ ከፍ ብለው ባሉት የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎች ወረቀቷን በመሰላል እየወጣች ሰካች፤ የያዘቻቸው ዝንቦች ጥቂትና ሆዳቸው ባዶ ነበር። ልክ እንደጠበቀችው ነው። በቀጣዩ ዓመት፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ አንድ በጋ፣ እንደገና መጠየቅ ትዝም ሳይላት መሰላሏን ይዛ ተመለሰች።

ዘንድሮ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። ቱርካ እንደ አምናው ተነሥቶ ሻይ አላፈላላትም፤ «ቶሎ ጨርሺ፣ ሲት ዱባን፣ ፀሐዩ ይመታሻል» ይላታል፣ ፀሐይ ሳይወጣ። እሷም እንደ ልማዷ ትቀልድበታለች፣ ትስቃለች። ከሰካቻቸው ወረቀቶች አብዛኞቹ ደግሞ ዘይታቸው ተልሶ፣ ጠርዛቸው ተቀዶ፣ ላያቸው ላይ አንዲት ዝንብ ሳይኖር ይጠብቋታል። «አይጦቹ ተመልሰዋል» አለችና ተበሳጨች። መላ ያገኘች መስሏት ወረቀቱን ሁለት ሁለቴ መንከር፣ ዘይቱን ማወፈር ጀመረች። የባሰ ተላሰ።

ሳይላሱ ከቀሩት ወረቀቶች ላይ የለቀመቻቸው ዝንቦች ግን ሆዳቸው ጥቁር ነበር። መረመረቻቸው። የሰው ደም ሆነ። ጣቴን ቆርጬ ይሆናል፣ ዕቃዬ በደንብ አልታጠበም ይሆናል ብላ እንደገና ሠራችው። የሰው። ሌላ ጧት ሌሎች ለቅማ መጣች። አሁንም የሰው ነው፤ የላም የለበት፣ የአህያ የለበት። ቱርካ በአጎበር ነው የሚተኛ፣ ያውም ከወዲያ ማዶ። ደግሞስ ይህን ሁሉ ዝንብ አንድ ቱርካ ያጠግባል?

እንግዲህ ፍረዱ። ሌላ ሰው ቢሆን ያን ጊዜውኑ ሄዶ በሩን ያስከፍት ነበር። ሰሀር ግን በታላቅ ሰው ቤት ያደገች ናት። አባት ሆኖ ባሳደገ ሰው ንብረት ላይ ነገር ከታየ መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው፤ ከጀርባው መሄድ ነውር ነው። ይህን ነውር ፈርታ ዓርብ ከሶላት በኋላ ሱቁ ሄደች።

«ዐሚ» አለችው፤ አጎቷን የምትጠራው እንዲህ ነው። «ሾዋክ ያለው መጋዘን ውስጥ ሰው ያድራል እንዴ?»

ኸሊል ሰሊጥ መዳፉ ላይ ዘርግቶ በጣቱ እየለየ ነበር። ጣቱ ቆመ።

«ማን አለሽ?»

«ዝንቦቹ። የሰው ደም ጠጥተዋል።»

ሰሊጡን ወደ ጆንያው መልሶ ሳቀ፤ ያው የምታውቀው ሳቁ ነው። «ወላሂ ዋሽተውሻል! ቱርካን ነክሰው ይሆናላ። መጋዘኑማ ኻላስ፣ ባዶ ነው፤ አንቺው ታውቂው የለ?»

«እኔም ግራ ገብቶኝ ነው» አለችና አብራው ሳቀች። ያን ሳቅ እስካሁን ባስታወሰች ቁጥር ምራቋ ይመራታል።

በማግስቱ ደወለላት። «ዘይት ስትፈልጊ ውሰጂ፤ መጋዘኑን ግን ተዪው፣ ተከራይ ገብቶበታል» አለና ዘጋው። ትናንት ባዶ የነበረ ቤት በአንድ ሌሊት ተከራይ! ወዲያው የፕሮጀክቱን ሾፌር ሙዳሲርን ጠርታ «ሾዋክ፣ አሁኑኑ» አለችው። ሙዳሲር ጠያቂ ሰው ነው፤ ያን ቀን ፊቷን አየና ሳይጠይቅ ነዳ።

ቱርካ የለም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰሀር ገና ደጃፉ ላይ ስትደርስ ሽታው መታት፤ የሽንት፣ የላብ፣ የታመመ ሰው ሽታ። ውስጡ ጨርቅ ተጥሏል፣ የተቆረጠ ገመድ፣ ጓደኛቸው የሌለ ነጠላ ጫማዎች፣ የሴት ሻሽ። ግድግዳው ላይ ከወለል እስከ ደረት ድረስ በከሰል ተጽፎበታል፤ ስምና የትውልድ መንደር፣ ስምና የትውልድ መንደር። ሙዳሲር ሊያነበው አልቻለም። ለእሷ ግን እናቷ ያስተማረቻት የአማርኛ ፊደል ነው። በአየር ማስገቢያዎቹ ዙሪያ ጡቡ በእጅ ተዳስሶ ተዳስሶ ጠቁሯል። ለአየር ተንጠራርተው ነው ብላ አሰበች። እዚያው በር ሥር ተቀመጠች።

በነዚያ ዓመታት ሰው የሚሰርቁ ሰዎች እንዳሉ ገዳሪፍ ሁሉ ያውቅ ነበር። ሥራ ፍለጋ ድንበር የሚሻገሩትን ልጆች አፍነው ከዘመዶቻቸው ገንዘብ ይጠይቁባቸዋል፤ ከፋይ ያጣውን ወደ ሲና በረሃ ይሸጡታል ይባላል። ይባላል ብሎ መስማትና የራስ አጎት መጋዘን ውስጥ ቆሞ ማየት ለየቅል ነው። በኸሊል! ሻንጣዋን በተሸከመላት በኸሊል! ደግሞም ሰዎቹ እስከ ትናንት እዚያ ነበሩ። ያስነሣቸው የሷ ጥያቄ ነው።

ከመጋዘኑ ቀጥታ አንድ የፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አመለከተች። መኮንኑ ሰምቷት ሲያበቃ «መጋዘኑ አሁን ባዶ ነው፣ ዘበኛውም የለም። ታዲያ የዝንብ ቃል ልቀበል?» አለና ሳቀባት። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ኖሮ ማታ ሆሹ ውስጥ ኸሊል ጠበቃት። አልተቆጣም፤ እሱ ነው ያስደነገጣት። «አከራየሁ» አለ። «ተከራይ ምን እንደሚያኖር አልጠይቅም። አንቺም አትጠይቂ። እናትሽ የምታድረው የት እንደሆነ አስቢ።» ይህን ብሎ ሻዩን ጠጣ።

ሰሀር አሰበች። እናቷ አርጅታለች፤ ከዚያች ክፍል በቀር ቤት የላትም። ማስረጃ ደግሞ የለ። ክረምቱ ገባ፤ ዋልካው ጭቃ ሆነ፣ ዝንቦቹ ጠፉ፣ እሷም ከኸሊል ጋር ባንድ ግቢ እየገባች እየወጣች ዝም አለች። የሚቀርብላት ምግብ አፏ ውስጥ ይዞራል። ራሒማ «ምን ሆንሽ?» ትላታለች። «ሥራ በዝቶብኝ» ትላለች።

ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ የካላዛር ታማሚዎች በሚበዙበት ወቅት፣ ሙሉነሽ የምትባል የአርማጭሆ ልጅ ከኒው ሀልፋ በኩል ወደ ፕሮጀክቱ ክሊኒክ መጣች። ክንዷ እንጨት አክሏል፣ ሆዷ በግራ በኩል ተነፍቷል። ሰሀር እንደ ሁልጊዜው ለታማሚ የምትጠይቀውን ልትጠይቃት ወደ ክፍሏ አስገባቻት፤ በበጋው የት ነበርሽ፣ የት ነበር የምታድሪው? ጠረጴዛው ላይ ለናሙና የተነከሩ ወረቀቶች ተዘርግተው ነበር። ልጅቱ ገና ከመግባቷ ቆመች። አየሩን አሸተተች። ከዚያ ወረቀቶቹን አየች፣ አየችና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ይኼን ማነው የሚሠራው?» አለች።

«እኔ ነኝ። ምነው?»

ሙሉነሽ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ መሬት ላይ ተንበረከከችና የሰሀርን ጉልበት ሳመች። ሰሀር ደንግጣ ልታነሣት ብትታገልም አልነሣ አለቻት።

«እርስዎ ነዎት? የሾዋኳ እርስዎ ነዎት? እግዜር ይስጥዎት፣ እግዜር ዕድሜ ይስጥዎት! ትከሻ ለትከሻ ተሸካክመን ነበር የምናወርደው። ለሁሉም እየዞረ ይላሳል፤ መጀመሪያ ለታመመ። ሳይነጋ መልሰን እንሰካዋለን። ዳቦማ ለጉርሻ ያህል ነበር የሚሰጡን። አንድ ሰሞን ደግሞ ዘይቱን አበዙልን።»

ሰሀር አይጥ ያለቻቸውን አስታወሰች። «እኔ መኪናዬን አቁሜ… ከዘበኛው ጋር ሳወራ ትሰሙኝ ነበር?» አለች።

«እንዴት አንሰማ! ሲስቁ ሁሉ እንሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጮኻችሁም? ግድግዳውን እንኳ ለምን አልመታችሁም?»

ሙሉነሽ የጅል ጥያቄ እንደተጠየቀች ሁሉ ቀና ብላ አየቻት። «እንዳናስይዝዎት ነዋ! አንዱ ልጅ፣ ክንፉ የሚባል፣ ሊጮህ ብሎ ነበር። አፉን የያዝነው እኛ ነን። ‹በስውር የምታበላን ሴት ናት፤ ዘበኛውን በሳቅ እያዘናጋች ነው፤ ከጮህን እሷንም ይገድሏታል› ተባባልን። እርስዎ በመጡ ቁጥር ትንፋሻችንን ውጠን ነው የምንቆይ።»

ሰሀር ልትናገር ፈለገች። ለዝንብ ነው ብላ መናገር ነበረባት።

«ሌሎቹስ?» አለች እንጂ አልነገረቻትም።

«አንድ ቀን በጥድፊያ ጫኑን። እኔ ትኩሳቱ ሲጥለኝ ኒው ሀልፋ መንገድ ላይ ጣሉኝ፤ የሸንኮራ ሠራተኞች አነሡኝ። እነ ክንፉን ይዘዋቸው ሄዱ።» ቀጥላም «ሲጭኑን ተጨነቅን» አለች። «ያቺ ሴት ተይዛ ይሆናል፣ በእኛ ጦስ አገኟት ብለን።»

ሰሀር የዚያን ቀን ከሰዓት ሆሹ ገባች። ሳታስቀር ሁሉንም ለእናቷ ነገረቻት፤ ወረቀቱን፣ ዘይቱን፣ ዓርብ ዕለት ሱቅ ሄዳ የጠየቀችውን፣ የሳቀችውን ሳቅ። ራሒማ ታለቅሳለች ብላ ጠብቃ ነበር። ራሒማ አላለቀሰችም። ከችንካሩ ላይ ቶቧን አውርዳ ተከናነበች፣ ከአልጋው ሥር ጫማዋን ፈለገች፣ አደረገች። «ልጅቷ የት ናት?» አለች። «ክሊኒክ።» «ነይ እንሂድ። ከዚህ ቤት ውሃ እንኳ ያልቀመሰች ምስክር አለችሽ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» ኸሊል መጭመቂያው በር ላይ ቆሞ ሲያልፉ አያቸው። የወንድሙ ሚስት እሱን ዓይኑን አይታ የማታውቅ ሴት ነበረች። ያን ቀን አየችው፤ አጎነበሰ።

ሙሉነሽ ቃሏን ሰጠች፤ ሰሀርም አጎቷን በስሙ ጠርታ ቃሏን ሰጠች። ኸሊል ታሰረ፣ በጠበቃ ተፈታ፣ እንደገና ተጠራ፤ ሱቁ ዛሬም ክፍት ነው። እነ ክንፉ የት እንደደረሱ ያወቀ የለም። ሙሉነሽ ታክማ ዳነች። ሰሀር እውነቱን ነግራታለች፤ ወረቀቱ የተሰካው ለዝንብ እንደነበር፣ እዚያ ሰው መኖሩን ፈጽሞ እንዳላወቀች። ሙሉነሽ ግን «ለሌሎቹ ካገኙዋቸው እንዳይነግሯቸው» አለች።

ሰሀር አሁንም የዝንብ ሥራዋን ትሠራለች፤ ራሒማም በክራይ ቤት አብራት ትኖራለች። አንድ አመል ብቻ አውጥታለች። የተዘጋ ቤት፣ መጋዘን ወይም የፈረሰ ግንብ ላይ ወረቀት ከመስካቷ በፊት ግድግዳውን በመዳፏ ትመታና በአማርኛ «ሰው አለ?» ትላለች። በትግርኛ ትላለች፣ በዐረብኛ ትላለች። ከዚያ ጆሮዋን ጡቡ ላይ ለጥፋ ትቆማለች። አዲስ የሚቀጠሩ ባልደረቦቿ አይተው ይሣሣቃሉ፤ ሙዳሲር ግን ሞተሩን አጥፍቶ፣ ራሷ ዞራ እስክትጠራው ድረስ ይጠብቃታል።